በኮምፒውተር የገደልኳቸውን ሰው ፍለጋ

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ቀጨኔ

ከቤት የወጣሁት ወፍ ሲንጫጫ ነው። በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ "በሰላም ተመለሽ" የሚለኝ ስለሌለ ራሴው ለራሴ ብዬው ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ማውራት ለምዶብኛል። ጎረቤቶቼ ስልክ የማወራ ይመስላቸዋል፣ እኔም አላርማቸውም።

የጉዞ ማስታወሻ ሲባል ላሊበላን ወይ አርባ ምንጭን የምትጠብቁ ካላችሁ ይቅርታ። የእኔ መንገድ ከቀጨኔ ተነስቶ፣ በሽሮ ሜዳ አልፎ፣ እንጦጦ ዳገት ላይ ያልቃል። ሁሉም እዚሁ ጉለሌ ነው። ሃያ አራት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ግን እንዲህ የከበደኝ መንገድ አላስታውስም። የምሄደው አንድ ሰው በሕይወት መኖራቸውን ለማየት ነው። በጥቅምት ወር፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ እኔው ገድያቸዋለሁ።

አትደንግጡ፣ በኮምፒውተር ነው። ግን ቆይታችሁ ብትደነግጡ አልፈርድባችሁም።

ጠዋት 1 ሰዓት፤ ታክሲ ውስጥ

ቅዳሜ ስለሆነ ሰልፍ የለም። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ቦርሳዬን ታቅፌያለሁ። ውስጡ የደም ግፊት መለኪያ፣ የአንድ ወር መድኃኒት፣ የሥራ ታብሌትና አንድ ያረጀ ካርቶን ካርድ አለ። የሰውየውን ስም ከነአባታቸው አልጽፍም፤ የታካሚ ምሥጢር ነው። ጋሽ ደምሴ እንበላቸው። የሰባ ዓመት ሸማኔ ናቸው፣ የደም ግፊት አለባቸው፣ በየወሩ መድኃኒት ከእኛ ጤና ጣቢያ ይወስዱ ነበር።

ድሮ ሥራዬ መርፌና ቁስል ነበር። አሁን ቡድን ሆነን ቤት ለቤት እንዞራለን፣ ያየነውን ሁሉ ታብሌት ላይ እንሞላለን። ለውጡን አላማም። ቀጠሮ ያሳለፈ ሰው ለማግኘት ድሮ ካርድ ስናገላብጥ ሳምንት ይሄድብን ነበር፤ አሁን ስሙ በደቂቃ ቀልቶ ይመጣል። የቀላውን ስም ግን ምክንያት ሳይሞሉለት ማለፍ አይቻልም። ሠፈር ለቋል፣ ሕክምና አልፈልግም ብሏል፣ ወይም ሞቷል። ሪፖርቱ ደግሞ ዓርብ ይፈለጋል።

በጥቅምት የጋሽ ደምሴ ስም ቀላ። በዚያው ሳምንት ሠፈራቸው ስዞር የእድሩ ሰሌዳ ላይ የሞት ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ስሙ ደምሴ፣ የአባት ስምም ከእሳቸው ጋር አንድ። እኛ የሠፈር ነርሶች ሰው መሞቱን የምናውቀው ከእድር ነው፤ ጥሩምባ ሲነፋ ጆሯችንን እናቆማለን፣ ሰሌዳ ስናይ እናነባለን። ሃያ አራት ዓመት ሲሠራ የኖረ መንገድ ነው። የአያት ስም አላየሁም። ድንኳኑ ድረስ ሄጄ "የትኛው ደምሴ?" አላልኩም። ጤና ጣቢያ ስመለስ "ሞቷል" የሚለውን ነካሁና ፋይሉ ተዘጋ።

በካርድ ጊዜ ቢሆን የሟቹን ካርድ በጥቁር ክር አስሬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ሰውየው ቆሞ ሲመጣ ክሩን መፍታት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር፣ ኮምፒውተርን ባዩ! ግን እሱም ምን ያድርግ? ያልኩትን ነው ያመነኝ።

ያወቅኩት ከትናንት በስቲያ ምሳ ላይ ነው። የመድኃኒት መስኮቷ ልጅ ወሬ አመጣች። "ባለፈው አንድ ሞተው የተመዘገቡ ሽማግሌ በእግራቸው መጥተው መድኃኒት ስጡኝ አሉ እኮ!" ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም አብልጬ ሳቅኩ። ከዚያ ስማቸውን ጠየቅኳት። ስትነግረኝ ምሳዬን ትቼ የድሮ ካርዳቸውን ልፈልግ ተነሳሁ።

ያለ መድኃኒት አራት ወር። ይህ ምን እንደሚያደርግ እኔን አትጠይቁኝ።

2 ሰዓት ተኩል፤ ሽሮ ሜዳ

ሱቆቹ እየተከፈቱ ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ጥበቡ በሩ ላይ ይሰቀላል። አንዲት ሙሽራ ከእናቷና ከሦስት ሚዜዎች ጋር ቀሚስ ትመርጣለች፣ አምስቱም በአንድ ላይ ነው የሚናገሩት። ቆሜ አየኋቸው። ሙዝ ገዛሁ፤ የሙዝ ዋጋ ስም አይጠሬ ሆኗል። ሻጯ "ለታማሚ ነው?" አለችኝ። "አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነበር። ለለቅሶ ቤትም ሊሆን ይችላል።

ወደ እንጦጦ የሚወጣው ታክሲ ውስጥ ጋቢና ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ነው።

"ሲስተር ነሽ አይደል?"

"በምን አወቅክ?"

"በዚህ ጠዋት ነጭ ጫማ አድርጋ ጭቃ የምትፈራ ሌላ ማን አለ? ቤት ለቤት የምትዞሩት ናችሁ? ድሮ እኛ ነበርን ወደ እናንተ የምንመጣው።"

"አሁን እኛ ነን የምንመጣው።"

"እኔ ጋ ታዲያ መቼ ነው?"

"ስምህ ሲቀላ።"

ከት ብሎ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር።

3 ሰዓት ተኩል፤ ዳገቱ

ካርዱ ላይ የቤት ቁጥር የለም። ከጀርባው የዛሬ ስድስት ዓመት በእኔው ጽሑፍ "ከወፍጮ ቤቱ በላይ፣ የባሕር ዛፍ አጥር፣ ቆርቆሮ በር" ይላል። ያኔ እንዲህ እንጽፍ ነበር። ታብሌቱ ላይ ለወፍጮ ቤት የሚሆን ቦታ የለም።

ወፍጮ ቤቱ አልጠፋም። በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ እህል ታበጥራለች።

"እንደምን አደሩ እናቴ። የጋሽ ደምሴ ቤት በየት ነው?"

ሰፌዱን አቆመች። "የትኛው? ያረፉት ናቸው ወይስ ሸማኔው?"

"ሸማኔው።"

"በዚያ በኩል ነው። ግን እሳቸውን ሰሞኑን አላየሁም። ሰውም አይወጣ፣ ሰውም አይገባ። ዘመዳቸው ነሽ?"

"ነርስ ነኝ።"

"ውይ፣ ምነው ቀደም ብለሽ በመጣሽ" አለችኝ። ለክፋት አልነበረም፣ እኔ ግን ወጋኝ።

4 ሰዓት፤ ቆርቆሮ በር

የሸማኔ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ዝም ሲል ደግ አይደለም። ከየጎረቤቱ የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚህኛው ምንም። አንኳኳሁ። ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ።

"ጋሽ ደምሴ!"

"ማነው?"

ጌታ ሆይ፣ ተመስገን! በሩን ተደግፌ ቀረሁ።

"ሲስተር ነኝ፣ ከጤና ጣቢያ።"

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ረጅም፣ የመነመኑ ሰው፣ ጋቢ ለብሰዋል። "ተሳስተሻል ልጄ" አሉኝ። "እኔ እዚያ ሞቻለሁ።"

ሲናገሩ አፋቸው በግራ በኩል ዘንበል ብሏል። ግራ እጃቸው ከጋቢው ሥር አልወጣም። ሃያ አራት ዓመት የሠራ ሰው ለዚህ ምርመራ አያስፈልገውም።

"ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከጥምቀት ማግስት። ጠዋት ስነሳ እጄ ከእኔ ጋር አልተነሳም።"

አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ ምድጃ፣ ውሃ የያዘ ጄሪካን። መሐል ላይ የሽመና ዕቃው ተተክሏል፣ ግማሽ የደረሰ ነጠላ ላዩ ላይ አለ፣ አቧራ ለብሷል። መጀመሪያ ሥራዬን ሠራሁ። ግፊታቸው መቶ ዘጠና በመቶ አሥር። የቡድናችን ሐኪም ጋ ደወልኩ፣ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ መድኃኒቱን አሁኑኑ ይጀምሩ፣ ሰኞ ጠዋት ይዘሻቸው ነይ አለኝ። ኪኒኑን በውሃ አስዋጥኳቸው። ሙዙን ልጬ ሰጠኋቸው።

"ምነው ተመልሰው አልመጡም?"

"መጣሁ እኮ፣ እጄ ደህና ሳለ። ልጅቷ ስክሪኑን አየችና 'አባባ፣ አርፈዋል ይላል' አለችኝ። ኋላዬ ሰልፍ ነው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩና ወጣሁ።" ሙዙን ቀስ ብለው አኘኩ። "ደግሜ ሄጄ አለሁ ብዬ ልከራከር? አለ ብሎ የሚመሰክርልኝ ማንን ይዤ?"

ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። ልጅቷ ናት ብለው ያምናሉ። ፋይሉን ከፍቼ፣ ሰኞ ወስጄ፣ ደግ ሲስተር ተብዬ እመረቅ ነበር።

"ጋሽ ደምሴ፣ ልጅቷ አይደለችም። እኔ ነኝ። የእድሩ ሰሌዳ ላይ የሌላውን ደምሴ ስም አየሁና፣ ሳላጣራ እርስዎን ዘጋሁ።"

ነጠላውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"እና የሞትኩ ቀን ማን አለቀሰልኝ?"

መዋሸት እንዴት አማረኝ! "ማንም" አልኳቸው። "ምሳ ልንወጣ ነበር። አንድ ቦታ ነካሁና ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።"

"ወደሚቀጥለው።"

"አዎ። ጌታ ሆይ..." ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እናቴን ስቀብር ሰው እያየኝ እንዲህ አላለቀስኩም። ስንትና ስንት ሰው ሲሞት ቀና ብዬ የቆምኩ ሴትዮ፣ ሸማኔ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

"በቃ፣ በቃ ልጄ። በአራት ወሩም ቢሆን ተለቀሰልኝ።" ቀና ብለው አዩኝና፣ "ጴንጤ ነሽ አይደል?"

"በምን አወቁ?"

"የእኛ ሰው ብትሆኚ እመቤቴን ትጠሪ ነበር። ጴንጤዎች እጅ ጭነው ሙት ያስነሳሉ ሲባል እሰማለሁ። በኮምፒውተር መሆኑን አላውቅም ነበር።"

እያለቀስኩ ሳቅኩ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ደምሴ።"

እሳቸው ግን አልሳቁም። "እጄ ይቅር ሲልሽ እኔም እልሻለሁ" አሉ።

ትክክል ናቸው።

ታብሌቱን አወጣሁ። የተዘጋ ፋይል የሚከፈተው ነርስ ሰውየውን ቤቱ ድረስ ሄዳ በአካል ስታየው ነው። "በሕይወት አለ" የሚለውን ነካሁ። በዚህኛው ጊዜ ጣቴን ሳላነሳ ደግሜ ስሙን ከነአያቱ አነበብኩ። ቀጥሎ የሚጠይቀው የተጠሪ ስምና ስልክ ነው፤ ካልተሞላ አያልፍም።

"ተጠሪ ማንን ልጻፍ? አንድ ነገር ቢሆኑ የምንደውልለት።"

"ባለቤቴ ከሞተች ቆየች። ልጅ አልወለድንም። ወንድሜ ጨንቻ ነው፣ ይኑር አይኑር አላውቅም።"

"ከጎረቤት?"

"ጎረቤት የራሱ ጣጣ አለው።" አፋቸውን በጋቢው ጫፍ ጠረጉ። "የገደለኝ ይጠራ። አንቺን ጻፊ።"

ጻፍኩ። ስሜን፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ። "ዝምድና" ይላል ቀጥሎ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ "ሌላ" የሚለውን መረጥኩ። ስልኬን በትልልቁ መድኃኒቱ ካርቶን ላይ ጽፌ ራስጌያቸው አስቀመጥኩ።

10 ሰዓት፤ ቀጨኔ

ሲመለሱ መንገድ ያጥራል የሚሉት ውሸት ነው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሜ ሴትዮዋን እስከ ሰኞ ብቅ እያሉ ይዩልኝ ብዬ ለመንኩ፣ እሺ አለችኝ። ሽሮ ሜዳ ላይ ሙሽራዋ አሁንም አልመረጠችም። ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ቆሜ አረፍኩ። ሰኞ ለኃላፊዬ የምናገረውን እያሰብኩ ነው፤ ያሰብኩትንም ጮክ ብዬ እያወራሁ ነው የወጣሁት።

ቁልፉን አወጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ። ነጩ ጫማዬ ቡኒ ሆኗል። ቤቱ ትቼው እንደሄድኩት ነው፣ ጠዋት የጠጣሁበት ኩባያ እንኳ አልተነሳም። ማን ያነሳዋል?

ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ሲስተር?" ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። "ደምሴ ነኝ።"

"ምን ሆኑ? ራስ ምታት አለ? እግርዎን ያንቀሳቅሱታል?"

"ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ። ዳገቱ ያዳልጣል፣ ጫማሽም የዚህ አገር አይደለም። ቤትሽ ደረስሽ ወይ ልልሽ ነው።"

በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። "ደረስኩ፣ ጋሽ ደምሴ።"

"በይ፣ ደግ" አሉና ዘጉት።

"ደርሻለሁ" አልኩ፣ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ።