የጽጌ መቃብር መስቀል

ሰሞኑን እዚህ ሮም፣ ፒኜቶ መንገድ ላይ፣ ካስታኛ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ የሚጠብሱት ሰዎች ወጥተዋል። ትራም ስጠብቅ ጭሱ አፍንጫዬ ገባና ሐሳቤ ከፍሬው አልፎ ወደ ዛፉ ሄደ። እኔ ካስታኛን ያወቅሁት ፍሬውን ከመቅመሴ በፊት በእንጨቱ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ሮም ውስጥ አንዲት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት እያደርኩ የምሠራ፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የራሴ የምሆን ወጣት ነበርኩ። የጉለሌ አብሮ አደጌ ጽጌም እንደኔው ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በብርዱ ወራት ሳንባዋን ታማ ሞተች። ሬሳዋን አገር ለመላክ አቅሙም መንገዱም አልነበረንምና ከከተማው ዳር ቀበርናት። እናቷ እማማ የሺ አዲስ አበባ ሆነው ተረዱ። መውጫ ቪዛ በማይገኝበት ጊዜ ማን ይልቀቃቸው?

መቃብሯ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ብቻ ተተከለ። ይህ አንገበገበን። ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የጅማ ሰው ነበሩ፤ አገራቸው ከአንድ ግንድ በርጩማ ፈልፍለው የሚያወጡ፣ እዚህ ግን የጋራዥ ዘበኛ። "መስቀሉን እኔ እጠርባለሁ" አሉ። ከሮም በላይ ካሉት ኮረብቶች የካስታኛ ግንድ አስመጥተው ጋራዡ ጓሮ፣ ጥላ ሥር አጋደሙት።

እኛ ለአርባዋ ይደርሳል ብለን ነበር። እሳቸው መሮ እንኳ አላነሡም። ከሥሩ አየር እንዲያልፍ እንጨት ረበረቡለት፤ ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ የሻማ ሰም ለቀለቁ። "ግንድ በጫፉ ቶሎ ይደርቅና ከዚያው ይሰነጠቃል" አሉኝ። ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ማገላበጥ የኔ ሥራ ሆነ። ጠዋቱን ወለል ስፈገፍግ አሳልፌ፣ ትራሙ ውስጥ ቆሜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አርባው በባዶ ብረት አለፈ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

"ጋሼ፣ ማሞቂያው፣ ቴርሞሲፎኔው አጠገብ እናቁመው፤ ቶሎ ይደርቃል።"

"ይደርቃል፤ ከዚያ ለሁለት ይከፈላል።"

"ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ለእንጨቱ ይዘኑለት። እሷስ? ስም እንኳ የላትም እኮ!"

አልተቆጡም። ከግንዱ አጠገብ ቁጭ አሉ፤ እሳቸውም ደክሟቸው ነበር። "ልጄ፣ ለእኛ ቢሆን ዛሬውኑ በተከልኩት። መቆም ያለበት እናቷ እስኪመጡ ነው። መቼ እንደሚመጡ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም ነበር። ማንም አያውቅም።

ሙት ዓመቷም አልፎ፣ ሙቀቱ ሲገባ ጠረቡት። ራሱ ላይ ሐረግ፣ ከሐረጉ ሥር ስሟን ቀረጹ። ዝናብ እንዳይተኛበት የላይ ጠርዞቹን ሁሉ አዘቀዘቁ። መቃብሯ ላይ ስንተክለው እግሩ እርጥብ አፈር እንዳይነካ ጉድጓዱን በጠጠር ሞላነው፤ የተልባ ዘይትም እስኪጠግብ አጠጣነው። ብዙም ሳይቆይ የጋሽ ወልዴ የካናዳ ቪዛ መጣ። ሲሰናበቱኝ "ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ዘይት ቀቢው፤ ሻጋታ ካየሽ በአቼቶ ጥረጊው፣ ሳይደርቅ ግን እንዳትቀቢ" አሉኝ።

ዓመት በዓመት ሄድኩ። የምሄደው በፍቅር ብቻ ነበር ብል ውሸት ነው። "ጽጌ፣ አደከምሽኝ" እያልኩ አረንጓዴውን ሻጋታ የፈቀፈቅሁበት ቀን ብዙ ነው። የኔ እጅ በበረኪና ተሰነጣጥቆ ይደማል፤ መስቀሉ ግን አልተሰነጠቀም።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ እማማ የሺ መጡ። በአውቶቡስ ይዣቸው ሄድኩ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ መስቀሉ ላይ ወደቁ። ሁለት እጃቸውን ጠምጥመው፣ መላ ክብደታቸውን ጥለው "የኔ ልጅ፣ የኔ ልጅ" እያሉ አለቀሱ። ልደግፋቸው ሮጥኩ፤ አላስፈለገም። እንጨቱ አልተነቃነቀም።

ከዚያ ወዲያ፣ እዚህ አገር እንደሚደረገው፣ ለመቃብሩ መሬት የተፈቀደው ጊዜ አብቅቶ አፅሟ ተነሥቶ የመካነ መቃብሩ ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ሣጥን ተቀመጠ። መስቀሉን የት እንዳደረሱት አልጠየቅሁም። የሰሙ ሰዎች "ያን ሁሉ ለፍተሽ አይቆጭሽም?" ይሉኛል። ዛሬ እኔም የእማማ የሺን የያኔ ዕድሜ ይዣለሁ፤ ለመቆጨትም ጉልበት ያስፈልጋል። ብቻ ያ ሁሉ ሐሙስ ለምን እንደነበር አውቃለሁ፤ አንዲት እናት ስትወድቅ የምትይዘው እንድታገኝ ነበር።