ስሜ የተጻፈበት ገል

ባለፈው ሰሞን የመጨረሻ ልጄ ለፈተና ስታጠና ከስልኳ ቀና ብላ፣ «እማ፣ ኦስትራሳይዝ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ከጠፋ ቆይቷል፤ ያቺን ቃል ግን ሬሳዬም አይረሳት።

«ማግለል ነው» አልኳት።

ቃሏን የተማርኳት እዚሁ ንፋስ መውጫ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ጋንና እንስራዋን በአህያ እየጫነች አርብ ገበያ ትሸጥ ነበር። እኔ ከአገሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ከየቤታችን ያመጣነውን ስንቅ ቀላቅለን የገብስ እንጀራችንን ካንድ ትሪ ነበር የምንበላው። ታዲያ ከመካከላችን ውዴ የምትባለው የሀብታም ገበሬ ልጅ አንድ ሰንበት ቤተሰቧ ዘንድ ደርሳ ስትመለስ፣ ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ሰው ይበላል የሚል ወሬ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲያ የኔ እንጀራ ለብቻው ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ብርድ ወደ እሳቱ ስጠጋ እነሱ ይነሳሉ።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ያቺን ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፈው ታሪኳን የነገሩን በዚያው ሰሞን ነው። በጥንት ዘመን፣ አቴና በሚባል የግሪክ ከተማ፣ ሰዉ እንዲባረር የሚፈልገውን ሰው ስም በሸክላ ስባሪ ላይ እየጫረ ይሰጥ ነበር አሉ። ስሙ በብዙ ስባሪ ላይ የተጻፈ ሰው አገር ለቆ ይሄዳል። ቃሏም የመጣችው ገልን ከሚጠሩበት ስም ነው። በአማርኛ «አገለለ» ብለው ሲፈቱልን፣ ገልና ማግለል አንድ ቤት ያደጉ መሰለኝ። ውዴ ዞር ብላ አየችኝና ሳቀች።

በማግስቱ ዴስኬ ላይ የገል ክምር ጠበቀኝ። ሁሉም ላይ በከሰል «የሺ» የሚል ስሜ ተጽፏል። ክፍሉ እያየኝ አንድ ባንድ ለቅሜ በነጠላዬ ቋጠርኳቸው። አላለቀስኩም።

ጥር ገባና ለዕረፍት አገር ቤት ሄድኩ። አርብ ገበያ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ሳለሁ ውዴ ከእናቷ ጋር መጣች። እህቷ ልትዳር ነው፤ ለጠላው ጋን ይፈልጋሉ።

«ለእርስዎ ጋን የለንም» አልኳቸው እናቷን።

«ይኸ ሁሉ ተደርድሮ?»

«ዓይናችን ያረፈበት ጋን ለሰርግ ምን ይሆናል?»

ነገሩን እኔ ለእናቴ ነግሬያት፣ እናቴም ለባልንጀሮቿ ነግራ ስለነበር ሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ ፊታቸውን አዞሩባቸው። ሴትዮዋ ገበያውን ዞረው ዞረው ተመልሰው መጡ።

«እባክሽ፣ ድግሱ ደርሶብኛል» አሏት እናቴን።

«ልጄን ይጠይቋት» አለች እናቴ።

የጾሙ ሰዓት አልፎ ነበርና አገልግላችንን ከፈትኩ። «ውዴ ከኔ ጋር ከበላች ትወስዳላችሁ» አልኩ። ገበያተኛው ከበበን። ውዴ እናቷን አየች።

«ብይ!» አሏት እናቷ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

እንጀራውን በሽሮ አጥቅሼ፣ ትልቅ አድርጌ ጠቅልዬ አጎረስኳት። እንባዋ እጄ ላይ ወረደ። ውጣ ሳትጨርስ «ድገሚ» አልኳት። ደገመች።

ጋኑን ጭነው ሲርቁ እናቴ፣ «አሁን ረካሽ?» አለችኝ።

«ገና ነኝ» አልኳት።

በኋላ ሰዎች እንዳወሩልኝ፣ ውዴ ሰርጉን ሙሉ፣ አሁን ታመምኩ፣ አሁን ሞትኩ እያለች ስትጠብቅ ነበር የሰነበተችው። ይህን ስሰማ ነው የረካሁት።

ልጄ ታሪኩን ሰምታ፣ «ከዚያስ ታረቃችሁ?» አለችኝ። ውዴ ዛሬ እዚሁ ንፋስ መውጫ ትኖራለች፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እንጨባበጣለን። ይቅርታ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም እንድትጠይቀኝ አልፈልግም። ከጠየቀችኝ ይቅር ማለቴ አይቀርም፤ ያኔ ያቺ የአርብ ገበያ ደስታዬ ከእጄ ትወጣለች።