ለሥዕል የተተከለ ድንኳን

ሚዛን ከተማ ላይ በተዘጋጀው የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል፣ ጎረቤቱን በአንድ ረጅም አቡጀዲ ላይ አብሮ እንዲስል አስተባብሪ ተባልኩ። ሥዕሉ ለነገው መክፈቻ መድረስ አለበት። ዝናቡ አላቆም ሲለኝ የእድሩን ድንኳን ለመንኩ፤ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ለዘመናት ተዘግቶ በኖረው የወላጆቼ ግቢ ተከሉልኝ። አቡጀዲውን ወጥሬ፣ ቀለሙን በጥብጬ፣ እንደ ልማዴ ጥቁር ለብሼ ተቀመጥኩ።

ሰዉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ብሩሽ የሚያነሳ ግን ጠፋ። እየገባ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ይለኝና አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

«ኧረ ድንኳኑ ለሥዕል ነው! ተነሱና ሳሉ» አልኩ።

«ኀዘኑ ነው፣ ተዪያቸው» አለች አንዷ ለጓደኛዋ። ሌላዋ የንፍሮ ሰፌድ አምጥታ በቀለም ጣሳዎቼ ላይ አስቀመጠች። ሕዝብን ስለሚያሳትፍ ኪነ ጥበብ ያላነበብኩት መጽሐፍ የለም፤ ስለ ንፍሮ የጻፈ ግን አልገጠመኝም።

ትዕግሥቴ አለቀና አጠገቤ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞርኩ። «ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?»

«ያቺ ውጭ አገር የቀረችው የዚህ ቤት ልጅ ናት እንጂ» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። «እኛም መሞቷን ያወቅነው ድንኳኑን ስናይ ነው። እርስዎ ምኗ ነዎት?»