ለልጄ የገዛሁት ሱረት

ልጄ ሲጋራ እንዲተው ብዬ ሱረት የገዛሁለት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ስለዚህ ከዚያ እጀምራለሁ።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔና እሱ። አባቱ ካረፈ ቆይቷል። እህቶቹ አግብተው ወጥተዋል። እሱ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ቂሊንጦ ላለ የልብስ ፋብሪካ ሰርቪስ ይነዳል፤ ጠዋት ሠራተኞቹን ከየሰፈሩ ለቅሞ ያደርሳል፣ ሲወጡ ይመልሳል። አይጠጣም። እናቱን ይጦራል። ለዚህ ሁሉ አምላኬን አመሰግናለሁ። ሲጋራው ብቻ ነበር።

ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲስል እኔ ውዳሴ ማርያሜን እደግማለሁ። ሳሉ ሲበረታ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ላለመስማት ነው እንጂ ለጸሎቱ ብዬ አይደለም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን ደረቱን ወጋኝ አለና ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የደረቱን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አየችው።

"ገና ነው" አለችው። "ዛሬ ካቆምክ ይድናል። ካላቆምክ የዛሬ ዓመት እንዲህ ብዬ አልነግርህም።"

ሦስት ጊዜ ሞከረ። አንዴ ማስቲካ እያኘከ፣ አንዴ ጾም ሲገባ፣ አንዴ እኔው ጠበል ወስጄው። ሦስተኛው ቀን ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል። መሪ የሚይዝ እጅ ነው፤ ከኋላው የሰው ልጆች ተሳፍረዋል። አራተኛው ቀን ላይ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሞ አገኘዋለሁ። ጭሱን ወደ ውጭ ነው የሚያወጣው፣ ለእኔ ብሎ። ጀርባውን አይቼ ወደ ወጥ ቤት እመለሳለሁ። ምን እለዋለሁ? እንዳልሞከረ ሰው አልቆጣው።

በዚህ መሀል ነው የድሮ መሥሪያ ቤቴ ትዝ ያለኝ። ጡረታ እስክወጣ አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ጥጥ ባለበት እሳት አይገባም። በር ላይ ኪስ ይፈተሻል፤ ክብሪት የተገኘበት የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ አጫሾቹ ወንዶች ሱረት ይስቡ ነበር። ጥጥ መበጠሪያው ክፍል የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ብናኙ ቅንድባቸው ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ነጭ እንደሆኑ ይውላሉ። በምሳ ሰዓት ከብልቃጣቸው ቆንጠር አድርገው በአፍንጫቸው ይስቡና፣ "ልጄ፣ ይህ ፋብሪካ ጆሮዬን ወሰደ፤ ግን ሲጋራን አስጣለኝ" ይሉኝ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ፊቴን አዙሬ ነበር የምሰማቸው። ትንባሆ ትንባሆ ነው። በቤታችን የተወገዘ ነገር ነው። አሁን ግን እሳቸውን እንደ ምስክር ቆጠርኳቸው።

በገበያ ቀን አቃቂ ወረድኩ። የማኅበሬ ሰዎች እንዳያዩኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። ሱረት የምትሸጥ ሴትዮ ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘሁ፤ ቡናማው ዱቄት ከፊቷ በጣሳ ተቀምጧል።

"ሱረት ነው?" አልኳት በቀስታ።

"ምን አሉኝ?"

"ሱረት።"

"ኧረ እትዬ፣ የሰረቅሁት አይደለም፤ ጮክ ይበሉ! ለስላሳውን ነው ኃይለኛውን?"

"አላውቅም። ለልጄ ነው።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ" ብላ ሳቀች። "ለራስዎ ከሆነ ለስላሳውን ይያዙ። ኃይለኛው ቅዳሴ ላይ ያስለቅስዎታል፤ ሰው ንስሐ የገቡ ይመስለዋል።"

ኃይለኛውን ያዝኩ። የልጄን ሲጋራ አውቀዋለሁና።

ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ገልብጬ ከእራቱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ከፍቶ አየው።

"እማዬ፣ በርበሬ ነው?"

"ሱረት ነው።"

አየኝ። ከዚያ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ የሆነኝን ሳቅ ሳቀ። "ቀጥሎ ከዘራ ልትገዢልኝ ነው?"

"ሳቅ። ግን ሞክረው።"

ሞከረው። ዓይኑ እንባ በእንባ ሆነ። በነጋታው ግን ብልቃጡን ሸሚዝ ኪሱ ከቶት ወጣ። አራተኛው ቀን መጣ፣ በረንዳው ላይ ማንም አልቆመም። ሳምንት ሆነ። ወር ሆነ። ሳሉ ቀለለ። ከሰርቪሱ ሴቶች አንዷ፣ "ሹፌር፣ መኪና ቀየርክ እንዴ? ዛሬ ሰው ሰው ይሸታል" አለችኝ ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። እኔም ጧፍና ዘቢብ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መሬት ላይ ተደፋሁ። ተመስገን አልኩ።

ሁለተኛው ወር ላይ መሐረቦቹን ማየት ጀመርኩ። ሁሉም ቡናማ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ደም አለበት። በእጄ አጥቤ አሰጣቸዋለሁ፣ በማግስቱ ሌላ አገኛለሁ። ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ እጁ ብልቃጡ ላይ ነው። ምግብ ሲያኝክ መሀል ላይ ያቆምና ቆንጠር ያደርጋል። አንድ እሁድ የምስር ወጡን እሳት ላይ ጥጄ፣ እያየህ አውጣልኝ ብዬው ሕመምተኛ ጎረቤት ጠይቄ ለመምጣት ወጣሁ። ስመለስ ጠረኑ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። ድስቱ ከስሏል። እሱ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ያያል።

"አልሸተተህም?" አልኩት።

"ምኑ?"

መስኮቱን ከፈትኩ። ድስቱን አንሥቼ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ማታ እራት ሲቀርብ ግን፣ "ይህንንም ቀንሰው" አልኩት።

"እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ የሰጠሽኝ?" አለ። በቁጣ አልነበረም።

ከዚያ ያደረግኩትን መጻፍ ይከብደኛል። ግድግዳው ላይ ካለው የማርያም ሥዕል ሥር፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት እምነት በትንሽ ዕቃ አለኝ፤ ሲታመሙ ግንባር የምንቀባው፣ እንደ አመድ የላመው ነው። እሱ ሲታጠብ ብልቃጡን ከፈትኩ። በስመ አብ ብዬ ከእምነቱ ትንሽ ጨመርኩና ነቀነቅኩት። በሳምንቱ ጥቂት አበዛሁ። ሱረት የምገዛለት እኔ ስለነበርኩ ሁሉም በእጄ ነው። ትንባሆው እያነሰ፣ እምነቱ እየበዛ ይሄድና አንድ ቀን ብልቃጡ ውስጥ ትንባሆ አይኖርም፤ ልጄም ሳያውቀው ድኖ ይገኛል። ያሰብኩት ይህን ነው። ደግሞ የተቀደሰ ነገር ወደ ጭንቅላቱ ቢገባ ምን ይጎዳዋል ብያለሁ።

ከሳምንታት በኋላ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አድርጎ አየው።

"ይቺ ሴትዮ ተበላሽታለች። አመድ ነው የምትሸጥልሽ።"

የማላውቃትን ሴት ስም በዝምታዬ አጠፋሁ። ያን ቀን ጸሎቴ አልሄድ አለኝ። በማግስቱ ከኪዳን በኋላ የነፍስ አባቴን ጠብቄ አገኘኋቸው።

"አባቴ፣ እምነት ከሱረት ጋር ቀላቅያለሁ።"

"ከምን ጋር?"

"ከሱረት።"

"ለማን?"

"ለልጄ። በአፍንጫው እንዲድን ብዬ።"

መስቀላቸውን እንደያዙ መሬት መሬት አዩ። ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ ይሁን ኀዘን እስከ ዛሬ አላውቅም።

"የተቀደሰውን ከዚያ ጋር ለቀላቀልሽበት ስግደት እሰጥሻለሁ" አሉኝ በመጨረሻ። "የተረፈውን እግር በማይረግጠው ቦታ ቅበሪው። ልጅሽን ተደብቀሽ ያከምሽበትን ግን እኔ አልፈታውም። ሄደሽ ንገሪው።"

ማታ እራት ላይ ነገርኩት።

"ሴትዮዋን አትማት። አመዱ የእኔ ነው" አልኩና ሁሉንም ተናገርኩ።

የጠቀለለውን እንጀራ ትሪው ላይ መለሰው። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቶ ጃኬቱን ከወንበሩ አነሣና ከውስጥ ኪሱ አንድ የሲጋራ ፓኮ አወጣ። ከመሶቡ አጠገብ አስቀመጠው። ግማሹ የለም።

"ሁለት ሳምንቴ ነው" አለ። "ሱረቱ አልይዘኝ አለ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንቺ እንዳታዪኝ ሰርቪሱን ካቆምኩ በኋላ ፋብሪካው አጥር ጥግ ነው የማጨሰው።"

ፓኮውን አየሁት። በእምነት አድነዋለሁ ያልኩትን ወደ ጭሱ የመለስኩት እኔው ነኝ።

"አንቺ አይደለሽም፣ እማ" አለኝ፣ ሳልናገር።

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ምንም። ጸልዪልኝ። ብልቃጡን ግን አትንኪው።"

የተቀላቀለውን ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር ጥግ ይዤ ቀበርኩት። ስግደቴን ጨረስኩ። ሱረቱን አሁን ራሱ ይገዛል። ሲጋራውን እንደገና ትቷል፤ ተውኩ ብሎኛል፣ አምኜዋለሁ። ሐኪሟ ደግማ ደረቱን ስታየው ደስ አላት። አፍንጫውን ስታይ ግን ራሷን ነቀነቀች። "ይህም ትንባሆ ነው። ከጭሱ ወጣህ እንጂ ከእሱ አልወጣህም" አለችው። አዎ አለ። እኔም ከጎኑ ቆሜ አዎ አልኩ፣ የተጠየቅሁ ይመስል።

እግዚአብሔር የሰጠኝን ግማሽ አልንቅም። ልጄ ይተነፍሳል። ስለ ቀረው ግማሽ የማደርገው ነገር የለኝም፤ እጄን አንድ ጊዜ አስገብቼ ያደረገውን አይቻለሁ። ይህ ለእናት ከባድ ነው። ብልቃጡ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ እኔም በአጠገቡ አልፋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሊወጣ ሲል ደህና ዋይ ብሎኝ በሩን ዘጋ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ሲያስነጥሰው ሰማሁ። አንዴ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ዳዊቴን እንደያዝኩ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ።

"ይማርህ!" አልኩ ወደ ደረጃው።

እርምጃው ቆመ።

"ያኑርሽ፣ እማዬ" አለ ከታች። ከዚያ መውረዱን ቀጠለ።