ወደ ማደባለቂያው ማን ይግባ?

“እንጉርጉሮ” ይሏታል። ኮድ ስትጽፍ ታንጎራጉራለች፣ ስሙም ከዚያ ወጣላት። የሳሙና ፋብሪካው ቢሮ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጣቶቿ ሲሮጡ ከንፈሯ ይከተላቸዋል። ዜማው የሷ፣ ግጥሙም የሷ ነው። ጓደኞቿ ጆሮ ማዳመጫ ቢያደርጉም አልከፋትም፤ ለነሱ ብላ አልዘፈነችም።

በሙያዋ ውስጥ ከልቧ የምትወደው አንድ ነገር ነበር፤ ስልክና ሰርቨር፣ ማለትም መልእክቱን የሚያስተናግደው ዋና ኮምፒውተር፣ እንደልባቸው እንዲያወሩ የምታደርግ ላይብረሪ። ላይብረሪ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ ፕሮግራመር ወስዶ በራሱ ሥራ ውስጥ የሚያስገባው ኮድ ነው። ያለሷ ስልኩ በየጊዜው ሰርቨሩን እያንኳኳ “አዲስ ነገር አለ?” ማለት ነበረበት፤ መልስ ይቀበላል፣ በሩ ይዘጋል፣ ደግሞ ያንኳኳል። ይቺ ግን በሩን ከፍታ ትይዘዋለች። አንዱ ሲናገር ሌላው ወዲያው ይሰማል። መስመሩ ቢበጠስ ራሷ ፈልጋ ትቀጥለዋለች፤ መስመር ጠፍቶ ሳለ የተነገረውንም በጉያዋ ይዛ ቆይታ፣ ሲቀጠል ታደርሰዋለች። እንጉርጉሮ ሰዎች የሚጻጻፉበትን መተግበሪያ በሷ ስትሠራ ይቺን ስንኝ አወጣችላት፦

ቃልህ መንገድ ቀርቶ ቢውልም ቢያድርም፣
ደጄን አያጣውም፣ ጆሮዬን አይስትም።

ፋብሪካው የሳሙና ማደባለቂያውን ከስልክ ላይ ማዘዝ ሲፈልግ ያንኑ ኮድ ይዛ መጣች። ማደባለቂያው ሰውን እንደቆመ የሚውጥ በርሜል ነው፤ ውስጡ ክንድ የሚያካክሉ የብረት ክንፎች ይዞራሉ። ክንፎቹ ላይ የሚደርቀውን ሳሙና ገብተው የሚፍቁት ጋሼ አረፋ ናቸው። እሳቸው የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ታች ይጥሉና ቆባቸውን እጀታው ላይ ይሰቅሉታል። ቆቡ እዚያ ካለ ጋሼ ውስጥ ናቸው፤ ያንን እጀታ የሚነካ ሠራተኛ በፋብሪካው አልተፈጠረም። አዲሱ ሥርዓት ሲገጠም እጀታው ተነቀለና በቦታው በጣት የሚነካ ልሙጥ መስታወት ተለጠፈ። ጋሼ ቆባቸውን ይዘው መስታወቱን ሲዳብሱ ቆዩ፤ መስቀያ ሲያጡ መልሰው ራሳቸው ላይ ደፉት።

አንድ ማለዳ የፈረቃ ኃላፊዋ ስልኳ ላይ “አዙር” የሚለውን ተጫነች። መስመር አልነበረም። ደገመችው፤ አሁንም ዝም። ተበላሽቷል ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ወደ ማሸጊያው ክፍል ሄደች። ጋሼ ማሽኑ መቆሙን አይተው መፋቂያቸውን ይዘው ገቡ። ፍቀው ጨርሰው መሰላሉን ሲወጡ፣ አንድ እግራቸው ገና ውስጥ ሳለ፣ መስመሩ ተመለሰ። ላይብረሪዋም የያዘችውን አደራ አደረሰች። ክንፎቹ ዞሩ፤ የጋሼን የግራ ቦቲ ከእግራቸው መንጭቀው ወሰዱት።

“ይህን ሳሙና የሚገዛ ሰው እንደ ጎማ ቢሸት አይገርመው” አሉ ጋሼ፣ ባዶ እግራቸውን እያዩ።

እንጉርጉሮ ያን ቀን አላንጎራጎረችም። ስህተቱ የላይብረሪዋ እንዳልሆነ ታውቃለች። ለወሬ የሚሆነውን ኮድ ለብረት የሰጠችው እሷ ናት። ሰላምታ ቢዘገይም ሰላምታ ነው። “አዙር” የሚል ቃል ግን ጊዜው ካለፈ ማንን እንደሚያገኝ አይታወቅም። ስለዚህ ሌላ ኮድ ጻፈች። ማንኛውም ትእዛዝ የተነገረበትን ሰዓት ይዞ ይሄዳል፤ ከዘገየ እዚያው ይሞታል። መስመር ተቋርጦ ሲመለስ ደግሞ አጠገቡ የቆመ ሰው መስታወቱ ላይ ያለውን ቁልፍ በእጁ ካልተጫነ ማሽኑ አይነቃነቅም።

ሥራ አስኪያጁ አየውና ፊቱ ጠቆረ። “ለፋብሪካው ባለቤት ‘ማሽኑ አጠገብ ሰው መቆም ቀረ’ ብያቸዋለሁ። ሐሙስ መጥተው ሊያዩ ነው። ቁልፉን አውጪውና እንደ ድሮው መልሺው።”

“አልመልሰውም።”

“የኔትወርክ ችግር ነው የተፈጠረው። ኔትወርኩን እናስተካክላለን።”

“ኔትወርክ ሁሌም ይቋረጣል። ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነው ጥያቄው።”

“አንቺ ካልመለስሽው የሚመልሰው አላጣም” አለና ጥሏት ሄደ።

ማታ እናቷ ገና ከበር ስትገባ አኳኋኗን አዩ። “ደግሞ ከማን ተጣላሽ?”

“ገና ነኝ፣ እማዬ። ነገ ነው የምጣላው።”

ሥራዋን ብታጣ ምን እንደሚከተል ሁለቱም ያውቁታል፤ ሁለቱም አላነሱትም። “እንግዲህ መጣላትሽ ካልቀረ ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ” አሉ እናቷ።

በልታ ሄደች። ላፕቶፗን ታቅፋ በቀጥታ ወደ ማደባለቂያው ወረደችና ሥራ አስኪያጁን አስጠራችው። እሱም ሽክ ብሎ፣ ሸሚዙን እንደ ወረቀት አስተኩሶ መጣ። ሠራተኞቹ ሥራ ያላቸው መስለው ዙሪያውን ተኮለኮሉ።

“አሁን ያለው ትናንት ማታ ያስመለሱት የድሮው ኮድ ነው” አለችው። “መስመሩን አጠፋዋለሁ። እርስዎ በስልክዎ ‘አዙር’ ይበሉ፤ አይዞርም። ከዚያ መፋቂያውን ይዘው ይግቡና ይፋቁ። እኔ መስመሩን እመልሰዋለሁ።”

“እብድ ነሽ እንዴ?”

“የኔትወርክ ችግር ነው ብለውኛል። ኔትወርክ ደግሞ ሰው አይነክስም።”

ሥራ አስኪያጁ ወደ በርሜሉ ውስጥ አጎንብሶ አየ። የክንፎቹ ጠርዝ እርጥብ ነበር፤ የሳሙናው ሶዳ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አንድ እጁን መሰላሉ ላይ አሳረፈና መልሶ አነሳው።

“ልብሴ ይበላሻል” አለ።

“ቱታ አለን፣ ጌታዬ” አሉ ጋሼ አረፋ በትሕትና። “ቦቲ ግን የቀረኝ የቀኙ ብቻ ነው።”

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ እንጉርጉሮ ዞረ። “ሐሙስ ለባለቤቱ ምን ልላቸው ነው?”

“እኔ እነግራቸዋለሁ። ካላመኑኝ መሰላሉ ለሳቸውም አያንስም።”

ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ወደ ቢሮው ወጣ፤ ጫማው ብረቱ ላይ ሲያስተጋባ ሁሉም ቆሞ ሰማ። እንጉርጉሮ የመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠች፣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ ከፈተች፣ እሱ በሩን ሳይዘጋ አዲሱን ኮድ ወደ ሰርቨሩ ላከችው። ማንንም አላስፈቀደችም። ከዚያ መስመሩን አጥፍታ “አዙር” አለችና መልሳ ከፈተችው። በርሜሉ ጸጥ እንዳለ ቀረ። ጋሼ አረፋ በመዳፋቸው ቁልፉን ሲጫኑና እሷ እንደገና ስታዝ ብቻ ክንፎቹ ዞሩ።

“ቢያባርሩሽስ፣ ልጄ?” አሏት ጋሼ፣ በጩኸቱ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

“ያባርሩኝ” አለች። “ቁልፉን የሚያወጣው ሰው ግን መጀመሪያ ገብቶ ይፋቅ። በኮዱ መግቢያ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ማንም ሲከፍተው ያነበዋል።”