በጎረቤቴ ግቢ የሰማሁት የራሴ ድምፅ

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴን የቆርቆሮ አጥር ተጠግቼ ቆሜ ነበር። ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የሰው ወሬ በአጥር ቀዳዳ የማዳምጥ ሰው አይደለሁም። ግን ውስጥ የምትስቀው ልጄ ነበረች...

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ህሊና በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቃለች። ሻሸመኔ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠርቷት ሄዳ፣ ሳይሳካላት ተመለሰች። «ምን ጠየቁሽ?» ስላት «የተዘጋጀሁበትን ነው አባባ፤ ግን አልሆነም» አለችኝ። አሁን ደግሞ እዚሁ አዳማ ለኔትወርክ ባለሙያነት ተጠርታለች። ይሄም ካመለጣት አዲስ አበባ ሄዳ ሥራ ልትፈልግ ወስናለች። አንድ ልጃችን ናት።

ስለዚህ ጉዳዩን በሥርዓት ያዝኩት። ጥያቄዎችን ከኢንተርኔት ሰብስቤ ከቀላል ወደ ከባድ ደረደርኩ። የድሮ ሰሌዳዬን ሳሎን ሰቀልኩ። ኔትወርክ ምንድን ነው? መጀመሪያ ትርጓሜ፣ ከዚያ ዓይነቶች፣ ከዚያ ጥቅሞች። መልስ የሚሰጠው እንደ ልጅነቷ ጊዜ ነው፤ ተነስቶ፣ እጅን ወደ ኋላ አድርጎ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር። ብትሳሳት አልቆጣም። ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ትዕግሥት አለኝ።

እሷ ግን «ደከመኝ» እያለች መውጣት አመጣች። ወዴት ቢሉ... ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ቤት!

ቶሎሳ እኔ አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ስልኩ ሲበላሽበት ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ስለ ኔትወርክ ምን ሊነግራት? እኔን አባቷን «እርስዎ» የምትል ልጅ፣ እሱን «አንተ ጋሽ ቶሌ ደግሞ!» እያለች ትስቃለች። እኛ ቤት እንዲያ ስትስቅ የሰማሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች «ቀንተህ ነው አይደል?» አለችኝ።

«በማን? በፊሽካ ነፊ?»

«ታዲያ ጫማህን ለምን ታደርጋለህ?»

የጫማዬን ማሰሪያ ቋጥሬ ወጣሁ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ሳቁ ድንገት ቆመ። ቀጥሎ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው።

«እህህም! በሙሉ ዓረፍተ ነገር! አሁንም ከመጀመሪያው!»

ጉሮሮ አጠራረጌ እንኳ ሳይቀር... ቶሎሳ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ዞሮ ዞሮ በእኔ ዘዴ ነው የሚያስተምራት ብዬ። ከዚያ በቀዳዳው አጮለቅሁ። ህሊና ኒም ዛፉ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወገቧ በሻርፕ ከወንበሩ ጋር ታስሯል!

በሩን በርግጄ ገባሁ። «ህሊና!»

ልጄ ብድግ አለች... ከነወንበሩ።

ቶሎሳ ሆዱን ይዞ ይስቃል። «ኮቱ፣ ኮቱ! ና ግባ! አንተን ስሆን ጉሮሮዬ አለቀ፤ እንኳን ባለቤቱ መጣ!»

«ልጄን ለምንድን ነው ያሰርካት?»

«እንዳትነሳ ነዋ! ንገሪው እንጂ።»

ህሊና ወንበሩን እንዳዘለች መሬት መሬት ታያለች። «አባባ... ሻሸመኔ በጠየቁኝ ቁጥር እየተነሳሁ ነበር የምመልሰው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ። ‹እህት፣ ተቀመጪ እንጂ› አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሲጠይቁኝ ደግሞ ተነሳሁ። ከዚያ ፈታኞቹ ሁሉ ሳቁ... የማውቀው በሙሉ ጠፋብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይቆጡኛል ብዬ አይደለም። ‹ከመጀመሪያው እንጀምር› ይሉኛል ብዬ ነው።»

ቶሎሳ ሻርፑን እየፈታላት፣ «በእኔ ድምፅ ስጠይቃት ተደላድላ ትቀመጣለች፤ እኔን ማን ይፈራል?» አለኝ። «በአንተ ድምፅ ስጠይቃት ግን ብድግ ነው። ስለዚህ አንተን ሆኜ ሳለማምዳት ሰነበትኩ። በል አሁን ራስህ ጠይቃት።»

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። «አንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ኢንተርኔት ተቋረጠብን ብሎ ቢደውልልሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ጉልበቷ ሲነቃነቅ አየሁ። በሁለት እጇ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። እኔም በሆዴ «አትነሺ... ልጄ አትነሺ...» እላለሁ።

አልተነሳችም።

«የተቋረጠባቸው ሁሉም ናቸው ወይስ አንድ ሰው ብቻ ብዬ እጠይቃለሁ» አለች። ትርጓሜ የለ፣ ዓይነት የለ! «ከዚያ መብራት መኖሩን፣ ገመዱ መሰካቱን አጣራለሁ። ምክንያቱን ካላገኘሁት ደግሞ አላወቅሁትም ብዬ የሚያውቅ ሰው እጠራለሁ።» ይህን ሁሉ ስትል ዓይን ዓይኔን እያየች ነው።

መልሱ ልክ ነበር። «ልክ ነሽ» ለማለት ጉሮሮዬን ስጠርግ ቶሎሳ ቀደመኝ።

«ጎሽ የእኔ ልጅ!» አላት። የእኔ ልጅ... እዚያው እኔ ፊት።

ሥራውን አገኘች። አዲስ አበባ መሄዱም ቀረ። ባለፈው እሑድ ቶሎሳን ምሳ ጠራችውና ለሁለታችንም አጎረሰችን። መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለእሱ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

እኔም የጎረስኩትን ማላመጥ ቀጠልኩ። ግን የሒሳብ መምህር ነኝ፤ በዓይን መለካት አያቅተኝም... የእሱ ጉርሻ ይበልጣል።