ጥቁሩ ቡሶላ

ልጄ ሰበታ ጎሚስታ ቤት በተቀጠረች ሳምንት፣ ቡሎን ራስ ላይ ገጥማ የመኪና ጎማ የምትፈታበትን ብረት፣ ቡሶላ የሚሉትን፣ ራሷ ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። ሰበታ ስላጣችው እኔን ቡራዩ ላከችኝ። «ጥቁሩን አምጪ» ብላኝ ነበር። ባለሱቁ ጥቁሩንና የሚያብረቀርቀውን ደርድሮ ሲያሳየኝ ግን ጥቁሩ ከእሳት የወጣ መሰለኝ። እኔ ድስት እንኳ ፊቴን ካላየሁበት አልገዛም።

«ሃርሜ፣ በአየር ግፊት ቡሎን ለሚፈታው ማሽን ከሆነ ጥቁሩ ነው» አለኝ፤ ሃርሜ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው።

«አሮጌህን ልታራግፍብኝ ነው» ብዬ የሚያብረቀርቀውን አስጠቀለልኩ።

ልጄ ስታየው በሳቅ ወደቀች። «እማ፣ ይሄ በእጅ ለመፍታት ነው። ማሽኑ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ስባሪው ዓይን ያጠፋል።»

ዓይን የሚለውን ስሰማ ነጠላዬን ሳላስተካክል ወደ ቡራዩ ተመለስኩ። ባለሱቁ ጥቁሩን ጠቅልሎ አስቀምጦልኛል። «ምነው ዘገዩ?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጎሚስታ ቤቱ ጎራ እያልኩ የመሣሪያውን ሳጥን እፈትሻለሁ። ትናንት አንድ የሚያብረቀርቅ አገኘሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት እየሮጠ ተከተለኝ።

«እናቴ፣ እሱ እኮ የእኔ ነው! ደንበኛ ቆሞብኛል፣ ይመልሱልኝ።»

መለስኩለት። የደንበኛውን ጎማ ፈትቶ እስኪጨርስ ግን የልጄን እጅ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

«እማ፣ በእጁ ነው እኮ የሚፈታው» አለችኝ እያፈረች።

«እናቱ ብታየው እሷም ትከለክለው ነበር» አልኳት።